ሰባ ስምንቱስ?

የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት የሚነገረው የበላዔ ሰብ ታሪክ ለአማርኛ አንባቢ አዲስ አይደለም፤ ስለዚህ በአጭሩ ላስታውስ። የቅምሩ ስምዖን እንግዳ ተቀባይ ባለጸጋ ነበር። ሰይጣን በእንግዳ አምሳል ቤቱ ገብቶ ካሳተው ወዲያ ጠባዩ ተለወጠና ቤተሰቡን ጨምሮ 78 ሰው በላ። ቀስቱንና የውኃ ቅሉን ይዞ ሲዞር፣ ገላው የቆሰለ፣ ጥም ያቃጠለው ድኻ መንገድ ዳር አገኘ። ድኻው በእግዚአብሔር ስም ለመነው፤ አልሰማውም። በቅዱሳኑ ስም ለመነው፤ አልሰማውም። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ልቡ ደንገጥ አለና ጥርኝ ውኃ ሰጠው። በሞተ ጊዜ ሥራው በሚዛን ተቀመጠ፤ በአንዱ ወገን 78 ነፍስ፣ በሌላው ያቺ ጥርኝ ውኃ። እመቤታችን በውኃው ላይ ጥላዋን ጣለችበት፤ ውኃው ሚዛን ደፋ፤ ስምዖን ምሕረት አገኘ።

ልጅ ሆኜ፣ ጣና ዳር ቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር የሚከነክነኝ አንድ ነገር ነበር። ዛሬ ጁባ ከተማ፣ አማራት ሰፈር፣ ለንግድ ሥራ ተማሪዎች የማቀርበውም ያንኑ ነው። ሰባ ስምንቱስ? ስምዖን ዳነ፤ የተበሉትስ?

ቀን ቀን እዚሁ አማራት የአንድ ሆቴልና የጥቂት የውኃ ቦቴ ባለንብረቶችን መዝገብ እይዛለሁ። ማታ ማታ በአንዲት አነስተኛ የግል ማሠልጠኛ አካውንቲንግ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ የሀገሩ ልጆች ናቸው፤ ዲንካ፣ ኑዌር፣ ባሪ፣ ሺሉክ። ከሐበሻም ጥቂቶች አሉ፤ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ከፍተው መዝገብ መያዝ ያቃታቸው። የሀገሩ ልጆች «ኡስታዝ» ይሉኛል፣ ሐበሾቹ «ጋሼ»።

የመማሪያ መጽሐፋችን የመጨረሻ ምዕራፍ ስለ ዘላቂነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በኖርዌያዊቷ በግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የተመራው ኮሚሽን የሰጠው ትርጉም እዚያ ላይ አለ፤ የዛሬው ሰው ፍላጎቱን ሲያሟላ የነገውን ሰው ዐቅም እንዳይነካ ይሁን ይላል። ተማሪው በቃሉ ይይዘዋል፣ ፈተና ላይ ይጽፈዋል፣ ከክፍል ሲወጣ ይረሳዋል። አልፈርድበትም። የነገው ሰው ፊት የለውም፤ ፊት ለሌለው ሰው ማዘን ይከብዳል። ቀጥሎ የእንግሊዛዊው ጆን ኤልኪንግተን ሐሳብ ይመጣል። እሱም እ.ኤ.አ. በ1994 ድርጅት ትርፉን ብቻ ሳይሆን በሰውና በምድር ላይ ያደረሰውንም አብሮ ይመዝግብ አለ። ዓለም አጨበጨበ። በ2018 ግን ኤልኪንግተን ራሱ ሐሳቡን ከገበያ ሰብስቤዋለሁ ብሎ ጻፈ። ድርጅቶች አሠራራቸውን ይለውጡበታል ሲል ማቻቻያ ሰንጠረዥ አድርገውት አረፉ፤ ቅሬታው ይህ ነበር። መጽሐፋችን ከ2018 በፊት የታተመ ስለሆነ ይህን አይነግርም።

በዚህ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ነው መጽሐፉን ዘግቼ ሥዕሉን የምሰቅለው። ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው የዘጌ መንገድ ዳር ከሚሸጡት አንዱ ነው፤ አቡጀዲ ላይ የተሣለ። ሠዓሊው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያለውን የበላዔ ሰብ ሥዕል በራሱ እጅ ቀንሶም ጨምሮም አቅርቦታል። ጄኒፈር ሮበርትስ የተባሉ በሃርቫርድ የሥነ ጥበብ ታሪክ የሚያስተምሩ መምህርት ተማሪዎቻቸውን አንድ ሥዕል ፊት ሦስት ሰዓት ሙሉ እንደሚያስቀምጡ እ.ኤ.አ. በ2013 ጽፈዋል። እኛ ጄኔሬተራችን የሚጠጣው ናፍጣ ስላለ በአንዷ ክፍለ ጊዜ እንብቃቃለን። ሕጉ ግን ጠበቅ ያለ ነው፦ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ማንም ስለ ትርጉም አያወራም። ያየውን ብቻ ይናገራል።

ምን ያያሉ? ቅል። ቀስት። እጅና እግር፣ እንደ ማገዶ የተከመረ። ክራንች የያዘ ቁስለኛ። ሚዛን የያዘ ባለ ክንፍ። የሚዛኑን አንድ ወገን ወደ ታች የሚጎትት ጥቁር ፍጡር። ሰማያዊ ካባ የደረበች ሴት። አንዲት የባሪ ልጅ ደግሞ ሌላው ያለፈውን አየች። «ይሄ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ተሥሏል» አለች፤ «ሲበላ አንድ ዐይን ነው ያለው፣ ውኃ ሲሰጥ ሁለት»። ማንም አልነገራትም። የሀገራችን ሠዓልያን ክፉውን በጎን፣ ደጉን ፊት ለፊት እንደሚሥሉ የነገርኳት ከዚያ በኋላ ነው። እኔ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ሆኜ ያንን ነገር ያወቅሁት ከመምህር ሰምቼ ነው፤ እሷ በዐይኗ አገኘችው።

ከላይኛው ናይል የመጣ ረጅም ልጅ እጁን አወጣ። «ኡስታዝ፣ ሰይጣኑ ለምን የእኔን መልክ ያዘ?» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ ሐበሾቹ አልሳቁም። ሠዓሊው ጨለማን እንጂ ሰውን አልሣለም ማለት ይቻላል፤ እኔም ብዬዋለሁ፣ እውነትም አለው። ግን በዚያ ብቻ ብዘጋው ቀላል ሽሽት ነበር። እኛ በሀገራችን ጥቁረትን ለስድብ ስናውል የኖርን ሰዎች ነን፤ ዛሬ ደግሞ እንጀራችንን የምንበላው በእነዚሁ ልጆች ሀገር ነው። ይህንንም ጨምሬ ነገርኩት። ሥዕል ማድነቅን ሥዕሉን ከጥያቄ መጠበቅ አድርገው የሚያስተምሩ አሉ፤ እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም። ያ ልጅ ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና ሁለተኛ ጥያቄ አመጣ፤ የተበሉት ሰዎች ፊት የት አለ? ወደ ሥዕሉ ቀርበን አየን። እጅ አለ፣ እግር አለ፣ ፊት የለም። ለሰይጣኑ እንኳ ፊት ተሰጥቶታል።

የአካውንቲንግ ተማሪ ሚዛን ሲያይ እጁ ወደ ካልኩሌተር ይሄዳል። «ውኃው ከ78 ከበለጠ ዋጋው ቢያንስ 79 ነው» ያለ ነበር፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ዛሬ አንድ የንግድ ባንክ ውስጥ ይሠራል። እዚህ ላይ ነው የገዛ ሙያችንን ሕግ የማስታውሳቸው። ዓለም አቀፉ የሒሳብ መግለጫ ደረጃ ቁጥር 1 ሀብትን ከዕዳ፣ ገቢን ከወጪ ማቀናነስን ይከለክላል፤ ሌላ ደረጃ ካልፈቀደ ወይም ካላዘዘ በቀር እያንዳንዱ በየራሱ ረድፍ ሙሉውን መታየት አለበት። ምክንያቱም የተቀናነሰ ቁጥር አንባቢውን ያሳውራል። መቶ ወስዶ ዘጠና የመለሰና ዐሥር ብቻ የወሰደ ሁለቱም መዝገባቸው ላይ «ዐሥር» ብለው ቢጽፉ ማን ይለያቸዋል?

ሥዕሉም አይቀናነስም። ምሕረቱ ከተፈጸመ በኋላ እንኳ የተከመረው እጅና እግር ከሸራው ላይ አልተፋቀም። ሠዓሊው ስምዖን ድኗልና የበላውን ልደምስስለት አላለም። ውኃው በአንድ በኩል፣ አካላቱ በሌላ በኩል፣ ሁለቱም በሙሉ መጠናቸው፣ በአንድ ዕይታ። ሠንጠረዥ ሰውን ወደ መጨረሻው መስመር ያቻኩለዋል፤ ሥዕል ግን የመጨረሻ መስመር ስለሌለው ዐይን ከውኃው ወደ አካላቱ ሲመላለስ ይውላል። ለዘላቂነት ትምህርት ሥዕልን የመረጥኩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የሙያው ባለሥልጣናትም ዘግይተው ወደዚሁ መጥተዋል፦ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 የወጣው የአየር ንብረት መግለጫ ደረጃ ድርጅቶች የለቀቁትን በካይ ጋዝ ጠቅላላ መጠን፣ ከገዙት የካርቦን ማካካሻ ጋር ሳያቀናንሱ፣ እንዲገልጹ ያዛል።

ከዚያ ሃይማኖቱ ይመጣል፤ መምጣቱም አይቀር። ፕሬስቢቴሪያን የሆኑት ተማሪዎች ይቆጣሉ። ሰው በሥራው አይድንም፣ ይህማ ሉተር እ.ኤ.አ. በ1517 የተነሣበት የይቅርታ ሽያጭ ነው ይላሉ። ካቶሊኮቹ የእመቤታችንን ምልጃ ስለሚያውቁት ወደ እኔ ይጠጋሉ። የእኔ መልስ ከቄስ ትምህርት ቤት የቀረልኝ ነው። ታሪኩ የሚገኝበት ተአምረ ማርያም በዐፄ ዳዊት ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመለሰ፤ ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አደረጉ። መጽሐፉ ሲነበብ የኖረው ውኃ እንዲህ ይከብዳል ለማለት አልነበረም። ውኃውን ያከበደው የተገባላት ኪዳን ነው፤ የጥላዋ ትርጉም ይኸው ነው። ውኃው በራሱማ ጥርኝ ነው፤ ሠዓሊውም ጥርኝ አድርጎ ነው የሣለው። ጌታም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ስለ አንዲት ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ ሲናገር ዋጋው እንደማይጠፋ ነገረን እንጂ ዋጋውን እኛ እንድንተምን አልፈቀደልንም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ሚዛኑን የያዘው ማነው?

መልአኩ ነው። ስምዖን ሚዛኑን አልነካም፤ ከሚዛኑ ሥር ቆሞ ይጠብቃል። ውኃውን ሲሰጥም ይቆጠርልኛል አላለም፤ እንዲያውም መጀመሪያ ሊበላው ያሰበው ሰው ነበር የለመነው። አሁን የድርጅቶችን የዘላቂነት ሪፖርት አውጡና ሚዛኑን ማን እንደያዘ እዩ እላቸዋለሁ። በላተኛው ራሱ ይዞታል። የበላውን ራሱ ቆጥሮ፣ የሰጠውን ውኃ ራሱ መዝኖ፣ ጥላውንም ራሱ ጥሎበት፣ የኦዲተሩን ክፍያ ራሱ ከፍሎ፣ ምሕረት አግኝቻለሁ ብሎ በባለቀለም ወረቀት ያሳትማል። ኃጢአቱ መብላቱ ብቻ አይደለም፤ የፈራጁን ወንበርም ወስዷል። ማርታ ወይም ሚካኤል የሚባል የሃያ ዓመት ተማሪ ይህን ነጥብ ከመጽሐፍ ቢያነበው ቃል ብቻ ይሆንበት ነበር፤ ሥዕሉ ላይ ግን መልአኩን በጣቱ እየነካ ያየዋል።

ያ ከላይኛው ናይል የመጣው ልጅ ተነሥቶ ሥዕሉ ጋ ሄደና ጥርኟ ውኃ ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ይቺ ሦስት ፐርሰንቷ ናት» አለ። የሀገሩ ልጆች ወዲያው ገባቸው። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ነፃ ስትወጣ የመንግሥቷ ገቢ ከሞላ ጎደል ከነዳጅ ነበር። በ2013 የወጣው የነዳጅ ገቢ አስተዳደር ሕግ ነዳጁ ለሚወጣበት ክፍለ ግዛት 2 በመቶ፣ በዙሪያው ለሚኖረው ሕዝብ 3 በመቶ እንዲሰጥ ይደነግጋል፤ ለመጪው ትውልድ የሚቀመጥ ፈንድም አቋቁሟል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ጦርነት ተነሣ። ልጁ የነዳጅ ጉድጓድ አጠገብ ነው ያደገው። ሦስት በመቶው ለሰፈሩ ደርሶ አያውቅም አለኝ፤ ከጉድጓዱ የሚወጣው ዝቃጭ ውኃ ግን ደርሷል። «ቢሰጡንስ፣» አለ፣ «ሦስት ፐርሰንት ከብቶቻችንን ከሞት ያስነሣል?» በሥዕሉ ላይ ፊት ያጣው ሕዝብ በዚያች ማታ ፊት አገኘ። እኔም ቦርዱ ላይ ምንም አልጻፍኩም።

ሩቅ ሳልሄድ የራሴን ጠረጴዛ ልንገራችሁ። ጁባ የቧንቧ ውኃ የሚደርሰው ለጥቂቱ ነው። አብዛኛው ቤት ደጃፉ ላይ በርሜል አቁሞ ቦቴ ይጠብቃል። ቦቴው ከነጭ ናይል ከሚሞሉት ጣቢያዎች ይቀዳና ሰፈር ለሰፈር ይዞራል። በዚህ ሥራ ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ ብዙ ነው፤ ብዙም ለፍቷል። የአንዱን ባለቦቴ መዝገብ ስሠራ ናፍጣ አለ፣ ጎማ አለ፣ የሾፌርና የረዳት ደመወዝ አለ፣ የመሙያ ክፍያ አለ። ወንዙ የለም። ዓባይን የሚያህል ነገር፣ ከእኛው ዓባይ ጋር ካርቱም ላይ የሚገናኘው ወንዝ፣ በመዝገቤ ውስጥ አንድም ረድፍ የለውም። በየቦዩ የተሞላው የፕላስቲክ ጠርሙስም ረድፍ የለውም። ለለቅሶ ቤት በነፃ የተላከች አንዲት ቦቴ ግን ረድፍ አላት። «ወንድሜ፣ እሷን በደንብ ጻፋት» ይለኛል ባለቤቱ። ደግ ሰው ነው፤ ለቅሶ ቤት ውኃ መላክም ትልቅ ነገር ነው። እጽፋታለሁ። ከየትኛውም ወጪ ላይ ግን አልቀንሳትም።

የዘመኑን ሥነ ጥበብ ለምን አታሳይም የሚሉኝ አሉ። አሳያለሁ። ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የሚሰበሰበውን የኮምፒውተር ሽቦና ሰርኪት ጠምዝዞና ገጣጥሞ «ታይትሮፕ» በተባሉት ተከታታይ ሥራዎቹ የዓለም ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ከመስከረም አሰግድ ጋር መካኒሳ ላይ ያቆሙት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው ዞማ ሙዚየምም በጭቃና በጭድ ጥበብ የተሠራ ነው። ተማሪዎቼ የኤልያስን ሥራ በስልካቸው አጉልተው ሲያዩ አፋቸውን ይከፍታሉ። ቀጥሎ የሚጠይቁት ግን ስንት ይሸጣል ብለው ነው። የጋናዊው ኤል አናትሱይ የጠርሙስ ክዳኖችም ያው ዕጣ ደርሷቸዋል። ጥፋቱ የሠዓልያኑ አይደለም። ውብ ሆኖ የተነሣ ቆሻሻ ተመልካቹን ይምረዋል፣ ያሳርፈዋል፤ የንግድ ተማሪ ደግሞ ማረፍ ይወዳል። የዘጌው ሥዕል አያሳርፍም፤ ሥጋ አለበት።

ታዲያ የሰባ ስምንቱ ነገር ምን ሆነ? ቤተ ክርስቲያን እነሱም በእግዚአብሔር ዘንድ የየራሳቸው ሒሳብ እንዳላቸው፣ ትንሣኤም እንዳለ ታስተምራለች፤ አምናለሁ። ነገር ግን ይህ የሰማይ መልስ ነው። በምድር ላይ የተበላ አይመለስም፤ ለበላተኛው የተሰጠው ምሕረት ለተበላው ካሣ አይሆንም። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ምሕረትንም ያረክሳል፣ ሰውንም ያስበላል። እኔ እስከሚገባኝ ድረስ ዘላቂነት የሚባለው ነገር ስፍራው ከሚዛኑ በፊት ነው፣ ገና ሳይበላ።

ይህን ለማለት ዋናው ሥዕል ያለበትን ቤት ማየት ይበቃል። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያለችው ጫካ ውስጥ ነው። ገዳሙን እንደመሠረቱ የሚነገርላቸው አቡነ በትረ ማርያም በዘጌ እንዳይታረስ፣ ከብትም እንዳይረባ አወገዙ ይባላል፤ ሕዝቡም በቡናው፣ በጌሾውና በሎሚው ኖረ። በጎጃምና በጎንደር ደጋ ዛፉ ተመንጥሮ ሲያልቅ የዘጌ ጫካ የቀረው በዚህ ነው። ለፍጹም ምሳሌነት ላቀርበው አልፈልግም፤ ድኻው የዘጌ ሰው እንጨት በታንኳ ጭኖ ባሕር ዳር ሲሸጥ እያየሁ ነው ያደግሁት፣ ጫካውም እየሳሳ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፦ በግድግዳዋ ላይ የመጨረሻዋን ጥርኝ ውኃ ያሣለችው ቤተ ክርስቲያን በደጇ አስቀድማ አትረሱ ያለች ናት። ምሕረቱ ውስጥ ነው፣ ውግዘቱ ውጪ። ምዕመኑ ወደ ምሕረቱ የሚደርሰው በውግዘቱ መካከል አልፎ ነው።

ተማሪዎቼን ዘጌ ልወስዳቸው አልችልም፤ ቪዛውም ገንዘቡም የለም፣ መንገዱም ዛሬ እንደ ድሮው አይደለም። እናንተ ግን ባሕር ዳር ላይ ማኔጅመንትና አካውንቲንግ የምታስተምሩ ባልደረቦቼ፣ ሰላም ሲሆን በጀልባ የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ነው። የዘላቂነቱን ምዕራፍ ከመክፈታችሁ በፊት ልጆቹን በጫካው መንገድ በእግራቸው አስኪዷቸው፤ ከዚያ ጫማቸውን አስወልቃችሁ በላዔ ሰብ ፊት አቁሟቸው፣ ካልኩሌተሩም ስልኩም ኪስ ውስጥ ይሁን። ሚዛኑን ማን እንደያዘና ሰባ ስምንቱ የት እንዳሉ ራሳቸው ፈልገው እስኪያገኙ ድረስ አትንገሯቸው።